የጂኖክ መቀነት

እጄ ጥሩ ነው። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ሄሳን ገበያ ወርዳችሁ የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ ይነግራችኋል። ስፌቴ ከሩዝ ፍሬ አይሰፋም። የመኮንን ሚስቶች ሳይቀሩ ኮቶቻቸውን ይዘው ከእኔ የስፌት መኪና ፊት ወረፋ ይጠብቃሉ። ሰነፍ ሰፊ ብሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁ ነበር። ልጄን ጉድ የሠራት ይኸው የምኮራበት እጄ ነው።

ጂኖክ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም። በዚያ ሚያዝያ ለውትድርና ተጠራች። ሴት ሰባት ዓመት ታገለግላለች፤ ሰባቱን ዓመት በብርድና በረሃብ እንዳታሳልፈው የዓመት ገቢዬን ለአንድ የምልመላ ሰው ሰጥቼ የስልክ ክፍል አስመደብኳት። ቤት ውስጥ ተቀምጦ ገመድ መሰካትና መንቀል ነው ሥራው። ምድጃ አለው ብለውኛል።

ከመሄዷ በፊት በነበረው ምሽት መቀነት ሰፋሁላት። ጥጥ የገባበት፣ ሆድን የሚያሞቅ፣ ከዩኒፎርሙ ስር የሚታጠቁት ዓይነት። በመሃሉ አንድ የአምስት ሺህ ዎን ኖት አኖርኩ። ያኔ አምስት ኪሎ ሩዝ ይገዛ ነበር። ብትታመም ለመድኃኒት፣ ብትራብ ለምግብ ይሁናት ብዬ ነው። ወረቀት ግን ባዶውን ሲሆን ይንኮሻኮሻል፤ ሲፈትሿት ይሰማል። ስለዚህ ከላይም ከታችም ጥጥ ደራርቤ፣ በቁሙም በአግድሙም ጥቅጥቅ አድርጌ ሰፋሁት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ዓይኔን ሳይሆን ጣቴን ነው ያመንኩት። ስጨርስ አጣጥፌ ከጆሮዬ ጋር አሻሸሁት። ድምፅ የለም። ጫፉ ላይ እንዳይጠፋባት ስሟን በቀይ ክር ጻፍኩበት፤ ሪ ጂኖክ።

በማግስቱ ጠዋት ምልምሎቹ ወደሚሰበሰቡበት ትምህርት ቤት ሸኘኋት። ከመሳፈራቸው በፊት እኩለ ቀን ላይ ወላጆች ገብተው ይሰናበታሉ ተባለ። እስከዚያ ቁጭ ብዬ ከማለቅስ ብዬ ቤቴ ወዳለው ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ።

ሱንዬ መጣች። ሱንዬ የአኩሪ አተር አይብ ትሸጣለች፤ ጎረቤቴም ወዳጄም ናት። ልጇ ባለፈው መከር ነው የዘመተው።

«የጂኖክ እናት፣ አልቅሰሽ ጨረስሽ ወይስ ለእኔም አስተረፍሽልኝ?»

«ሂጂ ወዲያ! አይብሽ ሳይሞቅብሽ ሽጪ።»

«አይ አንቺ! እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ ስንት ሰፋሽላት?»

«ምን እሰፋለሁ?»

«ውሸታም። ሰፊ ሆነሽ ካልሰፋሽ ማን ሊሰፋ ነው? እኔ እንኳ በዚህ በዶማ እጄ ለልጄ ሦስት ሺህ ቁምጣው ጠርዝ ውስጥ ከትቼለት ነበር።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከንቱ ልፋት! ቅማል ብለው የውስጥ ልብሳቸውን በሙሉ ይሰበስቡና በእንፋሎት ይቀቅሉታል። ከመቀቀሉ በፊት ግን ምልምሎቹን ሊረከብ የመጣው ሃምሳ አለቃ በምላጭ ጠርዝ ጠርዙን ይተረትረዋል። ገንዘቡ ለእሱ፣ ቅማሉ ለልጄ።»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እግሬን ከመኪናው መርገጫ አነሳሁ።

ስለ ገንዘቡ አይደለም። ገንዘቡን ይብላው። አምስት ሺሁ ላይ ያለው የአባት መሪያችን ፊት ነው። እኛ ኖት ስናጥፍ እንኳ ፊቱ እንዳይታጠፍ ከግራ ጎኑ ነው የምናጥፈው፤ እጃችን ስለለመደው አናስበውም። በሦስተኛው ረድፍ ቤቶች የምትኖር አንዲት ሴት የእሱ ሥዕል ባለበት ጋዜጣ ዓሣ ጠቅልላ ተገኘችና፣ ከነባሏ ከነልጆቿ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ በመኪና ተጭነው ሄዱ። ወዴት እንደሄዱ የጠየቀ የለም። እንግዲህ ዓሣ ለጠቀለለ ይህ ከሆነ፣ በመርፌ ለወጋውስ?

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» አለች ሱንዬ።

«ቁርስ አልበላሁም።»

በሩን ዘግቼ የራሴን መቀነት አወጣሁ። ሁለቱን ከአንድ ጨርቅ ቆርጬ፣ በአንድ ልክ ነው የሰፋኋቸው። አንድ ሺህ ዎን ነበረችኝ፤ መጠኑም ፊቱም ከአምስት ሺሁ ጋር አንድ ነው። ኖቱን ባስቀመጥኩበት ቦታ ልክ ከላይ አጋደምኩትና የስፌቱን መስመር በጣቴ ተከተልኩ። አንደኛው መስመር በግንባሩ፣ ሁለተኛው በሁለቱም ዓይኖቹ፣ ሦስተኛው በአፉ ላይ ያልፋል። በቁሙ የወረዱት ደግሞ ጉንጩን ወንፊት አድርገውታል። ምናልባት ገልብጬ አስቀምጬው ይሆን ብዬ በጀርባው ሞከርኩት። በአገጩ በኩል ትንሽ ተረፈ እንጂ ለውጥ የለውም።

 ያን መቀነት የሚተረትረው ሰው ጫፉ ላይ ስም በቀይ ክር ተጽፎ ያገኛል። የእኔን ስም አይደለም፤ የልጄን።

መቀነቴን፣ ለበዓል ያስቀመጥኩትን አንድ ጠርሙስ አረቄና አንድ ፓኬት ሲጋራ ጠቅልዬ ወጣሁ። ሱንዬ አሁንም ደጃፉ ላይ ናት።

«ደግሞ ወዴት ነው?»

«መቀነት ተሳሳትኩ። የኔን ለእሷ ሰጥቼ የሷን ይዤ ቀረሁ።»

«ለዚህ ብለሽ ነው እንዲህ የምትሮጪው? መቀነት መቀነት ነው!»

«የሷ ወገብ ቀጭን ነው፤ ይወልቅባታል።»

አየችኝ። ሱንዬን እወዳታለሁ፤ ልጄ ስትወለድ እትብቷን የቆረጠች እሷ ናት። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ በስብሰባው ተነስተን እርስ በርስ ጥፋት መነጋገር ግዴታችን ነው፤ እሷም ሠራዊት ውስጥ ልጅ አላት። እውነቱን ብነግራት ወይ ትናገራለች፣ ወይ ዝም ብላ ከእኔ ጋር ትጠፋለች። ሁለቱንም አልፈለግኩም።

በሩ ላይ የቆመው ዘብ ሲጋራውን ከእነፓኬቱ ተቀበለና «ማልቀስ ክልክል ነው» ብሎ ቀለደብኝ። ቅማል የሚቀቀልበትን ስጠይቀው በአገጩ አሳየኝ። ከመታጠቢያው ቤት የሴት ልጆች ጫጫታ ይሰማል፤ ውሃው ቀዝቅዞባቸው ይጮኻሉ። የጂኖክን ድምፅ ለየሁት መሰለኝ። ግን አልቆምኩም።

ከመታጠቢያው ጀርባ ያለችው ክፍል ጠባብ ናት። አንድ ትልቅ በርሜል ከምድጃ ላይ ተጥዶ ይፍለቀለቃል፤ የልብስ ክምር አለ፤ ክምሩ አጠገብ በርጩማ ላይ አንድ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ምላጭ ይዞ ተቀምጧል። አንድ ጆሮው በብርድ ተበልቶ ጎድሏል። ከእግሩ ስር የቆርቆሮ ጣሳ አለ፤ ስገባ በእግሩ ገፋ አድርጎ ከልብሱ ስር ከተተው። ቢሆንም አይቼዋለሁ፤ ግማሽ ድረስ ተጣጥፎ የተጠቀጠቀ ገንዘብ ነበረበት።

«ማን አስገባዎት?» አለ።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለልጄ መቀነት ተሳስቼ ሰጥቻት ነው፤ ስሟንም የጻፍኩት በኔው ላይ ነው። የሷ ይኸውና፤ የኔን ብቻ ይመልሱልኝና ልሂድ።»

«እናቶች ሁላችሁም አንድ ናችሁ። አንዷ ካልሲ ረሳሁ ትላለች፣ አንዷ መቀነት።» ሳቀ። ሳቁ ክፉ አልነበረም። «ሃምሳ አለቃ ናም እባላለሁ። የልጅዎ ስም ማነው?»

«ሪ ጂኖክ።»

ክምሩን ሳይነካ ከጭኑ ላይ አነሳት። እዚያው ጭኑ ላይ ነበረች፤ ቀጣይ ተረኛ።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት። ይባረኩ።» እጄን ዘረጋሁ።

«ቀስ ይበሉ እንጂ! ሳትፈተሽ አትወጣም። ቅማል ያለው ስፌት ውስጥ ነው።» በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረጋት። «ማነው የሰፋት? እርስዎ? ይሄማ እጅ ነው እንጂ! መኪና እንኳ እንዲህ አይጠቀጥቅም።»

ጠርሙሱን አወጣሁ። «ለብርዱ ትሆንዎታለች ብዬ ነው።»

ተቀበለኝ፣ ቡሹን ከፍቶ አሸተተና ከጀርባው አኖራት። ምላጩን ግን አላስቀመጠም። የመጀመሪያው ክር ጠብ ሲል ሰማሁት።

«ጓድ ናም፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ አምስት ሺህ ነው ያለበት። የእርስዎ ይሁን። ግን አይድከሙ፤ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ በአንድ አፍታ አውጥቼ እሰጥዎታለሁ።»

«እኔ ድካም የሚባል አላውቅም» አለ እየሳቀ።

ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ክር በጠሰ። ጥጡን በጣቱ ገለጠ። የኖቱን ጫፍ ያዘና ሳበ፤ ከጨርቁ ጋር ተሰፍቷልና አልመጣለትም። «ምን ዓይነት ጉድ ነው!» አለና ምላጩን ከስሩ ሰዶ በኃይል ገፋው። «ቀስ!» ብዬ ጮህኩ። ሳላስበው ነው የጮህኩት። ያን ጊዜ ኖቱ ክሩን እየጎተተ ወጣ።

ወደ መስኮቱ አንስቶ ተመለከተው። የቀን ብርሃን በቀዳዳዎቹ አለፈ። በግንባሩ፣ በሁለቱ ዓይኖቹ፣ በከንፈሮቹ መሃል ተርታውን ጠብቆ፣ አንዱ ከአንዱ እኩል ርቆ፣ እኔ እንደምሰፋው ጥንቅቅ ብሎ። የተበጠሰ ክር ከአንደኛው ዓይን ተንጠልጥሏል።

የናም ፊት ተለዋወጠ። ሲደነግጥ ልጅ ይመስላል።

«አንቺ» አለ። እርስዎ ማለቱን ተወው። «ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«መብራት ጠፍቶ ነበር።»

«መብራት? ይሄን ወስደሽ ለጸጥታ ሰዎች መብራት ጠፍቶ ነበር በያቸው! እኔ አልጠየቅም። አሁኑኑ ነው የማስረክበው። ልጅቷንም፣ አንቺንም።»

 ልንበረከክ ነበር፤ እንዲያውም አንዱን ጉልበቴን አጥፌያለሁ። ጎንበስ ስል ኖቱ ከዓይኔ ትይዩ ሆነ። ያን ጊዜ አየሁት። ከጆሮው ስር ተነስቶ እስከ አገጩ ድረስ የወረደ፣ የጣት ርዝመት ያለው ንጹሕ ስንጥቅ። መርፌ ይበሳል እንጂ አይሰነጥቅም። አርባ ዓመት በጨርቅ ላይ ኖሬ የመርፌን ሥራ ከምላጭ ሥራ ካልለየሁ ምኑን ሰፊ ሆንኩ?

ቀና አልኩ።

«ቀዳዳው የኔ ነው» አልኩት። «ስንጥቁስ የማነው?»

«ምን?»

«እይ እንጂ! ከጆሮው ስር። የእኔ መርፌ ነው እንዲህ የሚቆርጠው?»

አየ። ምላጩንም አየ። ከዚያ ዓይኑ በልብሱ ክምር ወደ ተሸፈነው ጣሳ ሄደ። ሲያሰላ ይታየኛል። ተነስቶ ወደ በሩ ሲሄድ ዘብ ሊጠራ መሰለኝ። እሱ ግን መቀርቀሪያውን ወረወረው።

«ማን ያምንሻል?» አለ በሹክሹክታ። «አንዲት የገበያ ሴት!»

«ማንም አያምነኝም። አንተንም እንዲሁ። ጣሳውን ሲያዩ ግን ሁለታችንንም ያምኑናል።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ? እስካሁን ይገርመኛል። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነበር ያልኩት። ሰው የሚደፍረው ድፍረት ስላለው አይመስለኝም። ሌላ መውጫ ሲያጣ ነው።

 በርሜሉ ብቻ ይፍለቀለቃል። ሁለታችንም ከስሩ ያለውን እሳት አየነው።

«አስገቢው» አለ ኖቱን እየዘረጋልኝ።

«አንተ አስገባው።»

«የሰፋሽው አንቺ ነሽ።»

«የሰነጠቅከው አንተ ነህ። እኔ ሳቃጥል ቆመህ ልታየኝ? ነገ ደግሞ ስታቃጥል በዓይኔ አየኋት ልትል?»

«አንቺስ ቆመሽ ልታይኝ ነው?»

ያኔ በሩ ተንኳኳ። ሁለታችንም ባለንበት ደረቅን። ናም ኖቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ በሁለት እጁ ሸፈነው።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ! ጓድ መቶ አለቃ ልብሱ ደረሰ ወይ ይላሉ!»

«እየተቀቀለ ነው በላቸው!» ድምፁ ቀጥኖ ወጣ።

«በሩ ለምን ተዘጋ?»

«እንፋሎቱ እንዳይወጣ ነዋ! ጭንቅላት የለህም? ሂድ!»

የጫማው ድምፅ ራቀ። ናም ከንፈሩን ላሰ። ኖቱን አውጥቶ አንዱን ጫፍ ያዘ፤ ሌላውን ጫፍ ወደ እኔ አሳየኝ። ገባኝ። ያዝኩት። ለቀብር እንደሚሸከሙት ሬሳ ሁለታችን እኩል ይዘን ጎንበስ አልንና ከምድጃው አፍ ከተትነው። «አሁን» አለ፤ እኩል ለቀቅነው።

ቶሎ አልነደደም። መጀመሪያ ጠርዙ ጠቆረ፤ ከዚያ ወደ መሃል ተጠቀለለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። በየዘመን መለወጫው ከልጅነቴ ጀምሮ ለዚያ ፊት ሰግጃለሁ፤ አባቴ ሲሞት እንኳ ያላለቀስኩትን ያህል እሱ ሲሞት አልቅሻለሁ። አዘንኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አዝኛለሁ። ፈርቻለሁም። ከሁሉም በላይ ግን በተቃጠለ እያልኩ እለምን ነበር።

ናም በብረት አመዱን አገላብጦ በተነው። ከዚያ የጂኖክን መቀነት ክሩን ጨርሶ ተርትሮ፣ ጥጡንም ጨርቁንም እሳት ውስጥ ጨመረው። ላቡን ጠረገ። ሲዞር መልኩ ተመልሶለታል።

«ይቀመጡ፣ እናት» አለ።

እርስዎ ማለቱ ከአንቺው ይልቅ አስፈራኝ። ከኪሱ የምልምሎቹን ዝርዝር አወጣና እርሳሱን በምላሱ አረጠበ።

«ሪ ጂኖክ። የስልክ ክፍል። ጥሩ ቦታ ነው፤ ብዙ ሳይከፍሉበት አልቀሩም።» ሠረዘው። «ከእኔ ጋር ትሄዳለች። ምሥራቅ ጠረፍ፣ የመድፍ ምድብ ነው።»

«ለምን?» አልኩ። «ነገሩ አልቋል እኮ። ተቃጥሏል።»

«እኔና እርስዎስ? እኛ አልተቃጠልንም።» እየቀለደ አልነበረም፤ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳኝ ይመስል ነበር። «እርስዎ ቤትዎ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ይከፋዎታል፤ አንድ ቅዳሜ ስብሰባ ላይ አንደበትዎ ያመልጥዎታል፤ ወይም አንዱ ይመጣና ያስፈራራዎታል። እኔ ያን እያሰብኩ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? እሷ ከአጠገቤ ካለች ግን እኔም እተኛለሁ፣ እርስዎም ይተኛሉ።»

«ሰባት ዓመት?»

«ሰባት ዓመት።»

«ዝም ካልኩስ?»

«ዝም ካሉማ እንደ እህቴ ነው የማያት።»

ዝም ካላልኩ እንደ ምን እንደሚያያት አልጠየቅኩትም። ጆሮው ወደ ጎደለበት ጎን ዞሮ መቀርቀሪያውን ከፈተልኝ። ልጄን ከጸጥታ ሰዎች መኪና ላድን ሮጬ መጥቼ፣ በገዛ እጄ ለዚህ ሰው አሳልፌ ሰጠኋት። አንዴ በመርፌ፣ አንዴ በምላሴ።

እኩለ ቀን ላይ ወላጆች ገቡ። ግቢው በእናት ተሞላ። ጂኖክ ፀጉሯ ሳይደርቅ፣ እጅጌው ጣቷን የዋጠባትን ዩኒፎርም ለብሳ እየሮጠች መጣች። እንኳን እኔ፣ ያያት ሁሉ ደስታዋ ይታየዋል።

«እማ! ባሕር ልንሄድ ነው! ሃምሳ አለቃ ናም ወደ ራሱ ምድብ ወሰደኝ። ከመቶ ምልምል መርጦ እኔን ብቻ! ባሕር አይቼ አላውቅም እኮ። ዓሣ በየቀኑ ይበላል አሉ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ሳይሆን አይቀርም።»

«አላዘንሽም አይደል? ስለ ስልኩ ክፍል?»

«ምን አዝናለሁ።» መቀነቴን በሆዷ ላይ አዞርኩላት። ሁለት ዙር ሄደ፤ ወገቧ እውነትም ቀጭን ነው። ቋጠሮውን ሦስት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩት።

«ያሳክከኛል፣ እማ።»

«ይልመድሽ። አታውልቂው።»

ናም ከመቶ አለቃው ጋር ወደ እኛ መጣ። መቶ አለቃው መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ አየኝ። «እናቷ ነዎት? ሃምሳ አለቃችን ልጅዎን በጣም አመሰገናት። ደስ አላለዎትም?»

ጂኖክ አየችኝ። ናም አየኝ። እኔም ወገቤን እስኪያመኝ ጎንበስ ብዬ ለናም ሰገድኩለት።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ልጄን አደራ» አልኩት።

«በእኔ ይጣሉት፣ እናት» አለ።

ግቢው ውስጥ የነበሩ እናቶች ሁሉ ያንኑ እየተናገሩ ስለነበር ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።